በጊታር ቀዳዳ ዙሪያ የሚያበራው ዛጎል፦ ከባሕር ወለል እስከ ናይሮቢ

ሳውዝ ሲ ከባሕር ሩቅ ነው። በደቡባዊ ናይሮቢ፣ በሞምባሳ መንገድና በላንጋታ መንገድ መካከል የሚገኘው ይህ ሰፈር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በየብስ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሚሰማበትም የማዕበል ድምፅ ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ የትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተር ነው። ይሁንና በሰፈሩ ካሉት ቤቶች በአንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አኮስቲክ ጊታር ከባሕር የመጣ ነገር ይዞ ሊገኝ ይችላል። በድምፅ ቀዳዳው ዙሪያ የተከበበው፣ ሲያዘነብሉት ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ብርማ የሚለወጠው ቀለበት የዛጎል ሥራ ነው።

ወይም የዛጎል ሥራ ይመስላል። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ጊታሮች የብዙዎቹ ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ አንዳንዱም የታተመ ሥዕል ከመሆን አያልፍም። ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ጊታሩን ለሚሠራው፣ ለሚጠግነውና ይዞት ድንበር ለሚሻገረው ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እውነተኛው ዛጎል የሳንባን ጤና፣ የእንጨትን ዕድሜና የአገሮችን ሕግ የሚነካ ቁስ ነውና።

ናይሮቢ ጊታርን የምታውቀው ዛሬ አይደለም። ከባሕር ዳርቻው አካባቢ የተነሣው ፈንዲ ኮንዴ በኬንያ የኤሌክትሪክ ጊታርን ቀድመው ከተጫወቱት አንዱ ነበር። እአአ በ1963 ያረፈው የምዕራብ ኬንያው ጆርጅ ሙካቢ ደግሞ ኤሌክትሪክ በማይፈልገው ጊታር፣ በአውራ ጣቱና በሌሎች ጣቶቹ ብቻ የአንድ ሙሉ ባንድን ምት ያሰማ ነበር። የኮንጎው ዣን ቦስኮ ምዌንዳም ናይሮቢ መጥቶ ተጫውቶባታል። የቤንጋ ሙዚቃ ከተወለደባቸው ምንጮች አንዱ ይህ የጣት አመታት ነው። ለኢትዮጵያውያን አድማጮችም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ግሩም መዝሙር ከአንጋፋው የማንዶሊን ተጫዋች ከአየለ ማሞ ጋር የሠራበት አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዜማዎች በእንጨት መሣሪያዎች መልሶ አሰምቷል። ማንዶሊንም በቀዳዳው ዙሪያ ዛጎል ከሚከተትባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ጽጌረዳው ከቀዳዳው ሲወጣ

በብዙ ቋንቋዎች ይህ ቀለበት ሮዜት ተብሎ ይጠራል፤ ትርጉሙ ትንሽ ጽጌረዳ ማለት ነው። ስሙ ከዘመነ ባሮክ ጊታር የተወረሰ ነው። ያኔ ቀዳዳው ባዶ አልነበረም። ከብራና ወይም ከስስ እንጨት እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ አበባ ይገጠምበት ነበር። በፓሪስ የቮቦአም ቤተሰብ፣ በቬኒስ ማቴዎ ሴላስ፣ በሐምቡርግ ዮአኪም ቲልከ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠሯቸው መሣሪያዎች በዝሆን ጥርስ፣ በባሕር ኤሊ ልባስና በዛጎል የተንቆጠቆጡ ነበሩ። ቀስ በቀስ የብራናው አበባ ቀረ፤ ቀዳዳው ተከፈተ፤ ጌጡም ከቀዳዳው ወጥቶ በዙሪያው ሰፈረ። የዘመናዊውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶንዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) ቀለበቶቹን በአብዛኛው የሠራው ቀለም ከገባ እንጨት ቁርጥራጭ ነው። ዛሬም አብዛኞቹ የክላሲካል ጊታር ሠሪዎች ከእንጨቱ አይወጡም።

ዛጎሉን የጊታር መለያ ያደረጉት የብረት ክር ጊታሮች ናቸው። በ1833 ከጀርመን ወደ ኒው ዮርክ የተሰደደው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን የመሠረተው ድርጅት በ1904 «45» የሚል ቁጥር ያለውን ዓይነት ሲያወጣ፣ ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን የጊታሩን ጠርዝ በሙሉ በዛጎል ከበበው። በ1933 ለዘፋኙ ጂን ኦትሪ የተሠራው «ዲ-45» እስከ 1942 ድረስ የተመረተው 91 ብቻ ነው። ዛሬ ከነዚያ የአንዱ ዋጋ በመቶ ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። እርግጥ ነው፣ ገዢው የሚከፍለው ለዛጎሉ ሳይሆን ለድምፁ፣ ለእንጨቱና ለብርቅነቱ ነው። ነገር ግን ዛጎል የታየበት ጊታር ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው እምነት ከዚያ ዘመን ወዲህ አልጠፋም። ርካሽ ጊታሮች ላይ የዛጎል ሥዕል የሚታተመውም ይህን እምነት ለመጠቀም ነው።

ቀለበቱ ጥቅም አለው ወይስ ጌጥ ብቻ ነው? ከጊታሩ ፊት እጅግ ደካማው ስፍራ የቀዳዳው ጠርዝ ነው። የእንጨቱ ጭረት እዚያ ላይ ተቆርጦ ስለሚቀር ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። በዚያ ላይ ስድስቱ የብረት ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ በአንገቱና በብርኩማው መካከል የሚያሳርፉት ኃይል በድምሩ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ማለት ነው። በዚህ መካከል የተተከለ ጠንካራ ቀለበት ስንጥቁን ለማቆም ይረዳል ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ቀለበቱን ለመትከል የፊት ሳንቃው ወደ ግማሽ ውፍረቱ ስለሚፈለፈል፣ ሠሪው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሳል። ቀዳዳውን በእርግጥ የሚያጠናክረው ከውስጥ በኩል የሚጣበቀው፣ ማንም የማያየው ድጋፍ እንጨት ነው።

ቀለም የሌለው ቀለም

የዛጎል ውስጠኛ ንጣፍ ከኖራ ድንጋይ፣ ከእብነ በረድና ከእንቁላል ቅርፊት ጋር በኬሚካል ማንነቱ አንድ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። ልዩነቱ የአደራደሩ ነው። እንስሳው ይህን ማዕድን እንደ ጡብ ይደረድረዋል፤ ከጡብ በጡብ መካከልም እጅግ ስስ የሆነ ፕሮቲን እንደ ጭቃ ይለስናል። የእያንዳንዱ ጡብ ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ጊታር ላይ በሚተከል አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ውስጥ ሁለት ሺህ ያህል ንብርብር አለ።

ይህ ውፍረት ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። ብርሃኑ ከላይኛው ንብርብርና ከታችኛው ሲንጸባረቅ ሁለቱ ሞገዶች ይገናኛሉ፤ አንዱን ቀለም ያጎላሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። የሚያየው ሰው አቅጣጫውን ሲለውጥ የሚጎላውም ቀለም ይለወጣል። በውኃ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ወይም የሳሙና አረፋ የሚያሳየው የቀለም ጨዋታ የዚሁ ዘመድ ነው። ዛጎሉ ቢደቅቅ የሚገኘው አረንጓዴ ዱቄት አይደለም፤ ነጭ ዱቄት ነው።

የጡቡ አደራደር ሌላም ስጦታ አለው። ስንጥቅ ከጡብ ወደ ጡብ ሲሄድ መንገዱን ስለሚያጠማዝዘው ዛጎል ከተራ ኖራ ድንጋይ በብዙ እጥፍ ስብራትን ይቋቋማል። መጋዝ የሚያልፍበት፣ ግን የማይፈራርስ ቁስ የሆነው በዚህ ነው።

በጊታር ሥራ ሁለት ቤተሰቦች ይታወቃሉ። አንደኛው የዕንቁ ዛጎል ነው፤ ነጭ፣ ብርማ ወይም ወርቃማ መልክ አለው፤ ትልቁ ዝርያ በአውስትራሊያና በኢንዶኔዥያ ባሕሮች የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው አባሎኒ ነው፤ በአለት ላይ የሚለጠፍ፣ ጆሮ የሚመስል ባለ አንድ ቅርፊት የባሕር ቀንድ አውጣ። አረንጓዴውና ሰማያዊው ነበልባል የሚታየው በዚህ ነው፤ ከሁሉም የሚደምቀው ደግሞ በኒውዚላንድ ፓዋ ተብሎ የሚጠራው ዝርያ ነው።

ቀይ ባሕርም የድርሻው አለው። ከዕንቁ ዛጎል ወገን ጠርዙ ጥቁር የሆነው ዝርያ ከቀይ ባሕር አንሥቶ እስከ ኬንያ ዳርቻና ከዚያም ወዲያ ይኖራል። የዳህላክ ደሴቶች ጠላቂዎች ለዘመናት ዕንቁና ዛጎል አውጥተዋል፤ ዛጎሉም በምጽዋ በኩል ለአዝራርና ለጌጥ ሥራ ወደ አውሮፓ ተጭኗል። የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ይዘውት የሚመለሱት የሚያብረቀርቅ የቤተልሔም መስቀልም ከዚሁ ቁስ የሚሠራ ነው። የቤተልሔም ጠራቢዎች ቀደም ባለው ጊዜ ዛጎላቸውን የሚያገኙት ከቀይ ባሕር ነበር። ስለዚህ በአንዳንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው መስቀልና በጊታሩ ላይ ያለው ቀለበት ሥጋ ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ቀለበቱ እንዴት ይተከላል?

ሥራው የሚጀመረው ጊታሩ ጊታር ከመሆኑ በፊት ነው። ከአንድ ግንድ ተሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ የተገለጡ ሁለት ስስ ሳንቃዎች መሐል ለመሐል ይጣበቃሉ። እንጨቱ በአብዛኛው ከቀዝቃዛ አገር የሚመጣ፣ የጥድ ዘመድ የሆነ ስፕሩስ ነው፤ ቀላል፣ ለስላሳና ጭረቱ ቀጥ ያለ። ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀዳዳው ገና አይከፈትም፤ ከተከፈተ የክብ መቁረጫው እግር የሚቆምበት መሐል ይጠፋልና። በምትኩ በመሐሉ ቀጭን መውጊያ ይተከላል፤ ሁሉም ክብ የሚለካው ከዚህ ነጥብ ነው። የተለመደው የድምፅ ቀዳዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ቀለበቱ ከዚያ ጥቂት ርቆ ይዞራል።

በመጀመሪያ በተሳለ ምላጭ ሁለት ክቦች ይጫራሉ። ይህ እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሥራ የሚበላሸው እሱን በመዝለል ነው። መቁረጫው ክብ ሲዞር በሁለት ቦታ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ፣ በሁለት ቦታ ደግሞ አቋርጦ ያልፋል፤ በመካከሉ ሰያፍ በሚሆንባቸው ቦታዎች ለስላሳው ስፕሩስ ተነቅሎ ይነሣል። ቀድሞ የተጫረው መስመር ግን ጭረቱን ስለቆረጠው ንቅያው እዚያ ይቆማል። ከዚህ በኋላ በራውተር ወይም በመሮ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው እንጨት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ተፈልፍሎ ይወጣል። አንዲት ግማሽ ሚሊ ሜትር መጨመር ሳንቃውን እስከ ማዳከም ታደርሳለች።

ባዶው ቦይ በቀጭን የሼላክ ቅብ ይታሸጋል። ምክንያቱም በኋላ የሚንጠባጠበው ሱፐር ግሉ እንደ ውኃ የቀጠነ ነው፤ ያልታሸገ ስፕሩስ ካገኘ በጭረቱ ውስጥ ሮጦ ቢጫ ጥላ ይተዋል። ጥላው ያን ቀን አይታይም። ጊታሩ አልቆ ቫርኒሽ ሲቀባ ብቅ ይላል፤ ያኔ መፍትሔ የለውም።

ቀጥሎ የዛጎሉ ድንበር የሚሆኑት፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ጥቁርና ነጭ የእንጨት ጥብጣቦች ይገባሉ። እዚህ ላይ ሠሪዎች አንድ ብልኀት አላቸው። ዛጎሉ በሚያርፍበት ቦታ ለጊዜው ልክ እንደ እሱ ስፋት ያለው የቴፍሎን ጥብጣብ ያስገባሉ፤ መጥበሻ ላይ ምግብ እንዳይይዝ የሚቀባው ቁስ ማለት ነው። ማጣበቂያው ጥብጣቦቹን ከእንጨቱ ጋር ሲያጣብቅ ቴፍሎኑን አይዝም። ሲደርቅ ቴፍሎኑ ተስቦ ይወጣል፤ ንጹሕና እኩል የሆነ ቦይ ይቀራል።

የዛጎሉ አቆራረጥ ከሁሉም ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ዛጎል በተፈጥሮው የጎበጠ ስለሆነ ከአንዱ የሚገኘው ጠፍጣፋ ቁራጭ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ቀለበት የሚወጣበት አንድ ወጥ ዛጎል የለም፤ ቀለበቱ የሚሰበሰበው ከብዙ ቀስቶች ነው። ቁራጩ በጫፉ የተሰነጠቀ ጣውላ ላይ ይደገፋል፤ እንደ ክር በቀጠነ የወርቅ አንጥረኛ መጋዝም ይቆረጣል። መጋዙ ከተገፋ ይበጠሳል፤ ከተጣመመም እንደዚያው። ዛጎሉ ከስፕሩሱ እጅግ ስለሚጠነክር፣ ቦይውን ያለ ድካም የፈለፈለ እጅ እዚህ ላይ ፍጥነቱን መለወጥ አለበት።

ቀስቶቹ የሚገናኙበት ስፌት እንዳይታይ ምን ይደረግ? አንዳንዶች ጫፉን ሞርደው እኩል ያደርጉታል። ልምድ ያላቸው ብዙዎች ግን የተቆረጠውን ቀስት ሆን ብለው በጣታቸው ይሰብሩትና ስባሪዎቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል ይመልሷቸዋል። ቀጥ ያለ ስፌት ዓይን ይስባል፤ የተሰበረ ጠርዝ ግን ከስባሪው ጋር ተገጥሞ በዛጎሉ ውስጥ ከሚገኙት የተፈጥሮ ጅማቶች አንዱን ይመስላል። መስበሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥብጣብ ተሰባብሮ ክቡን እንዲከተል ያስችለዋል።

ከዚያ ብርሃኑ ይመረመራል። አንድ ቁራጭ ተገልብጦ ከገባ ጎረቤቶቹ ሲያበሩ እሱ ይጨልማል። ስለዚህ ቁርጥራጮቹ ከመጣበቃቸው በፊት በአንድ መብራት ሥር ተደርድረው ይዞራሉ፣ ይቀያየራሉ። ሁሉም ሲስማሙ ቦይው ውስጥ ይገባሉ፤ ማጣበቂያው በስንጥቆቹ ይንጠባጠባል፤ ራሱ ስቦ ወደ ታች ይገባል።

የመጨረሻው ፈተና ማስተካከል ነው። ዛጎሉ ከእንጨቱ ፊት ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቀር ስለሚደረግ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል። ወረቀቱ በጣት ወይም በስፖንጅ ከተያዘ ለስላሳውን ስፕሩስ እየበላ ጠንካራውን ዛጎል ይተወዋል፤ ቀለበቱም እንደ ግንብ ይቆማል። ወረቀቱ በጠንካራና ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ተለጥፎ መሳብ አለበት። በጥድፊያ ከተፈተገ ደግሞ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላዋል። ቀዳዳው ራሱ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አቧራው

የሥራው አደገኛ ክፍል ዓይን የማያየው ነው። ዛጎል ሲጋዝና ሲሞረድ የሚወጣው ዱቄት እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከማዕድኑ ጋርም ፕሮቲን ይዟል። ሳንባን ይቆጠቁጣል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ አስም መሰል ሕመም ያስነሣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቪየና የዛጎል አዝራር በሚያመርቱ አውደ ጥናቶች የሚሠሩ ለጋ ወጣቶች የአጥንት እብጠት እንደሚይዛቸው ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ጥርጣሬያቸውም በዱቄቱ ላይ ነበር። በጊታር ሠሪዎች መካከል የዛጎል ዱቄት እንደ አርሴኒክ ይመርዛል የሚል ወሬ ይናፈሳል። ይህ የተጋነነ ነው፤ ጥንቃቄው ግን አይደለም።

መከላከያው ውድ አይደለም። ዛጎሉን በውኃ እያረጠቡ መቁረጥ ዱቄቱ ከመነሣቱ በፊት ይይዘዋል። ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ጭምብልና ከመጋዙ አጠገብ አየር የሚስብ መሣሪያ የቀረውን ያጣራሉ። ተራ የጨርቅ ጭምብል ለዚህ አይበቃም። እንደ ሳውዝ ሲ ባለ የመኖሪያ ሰፈር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ በልብስ ተይዞ ወደ ሳሎን የሚገባው ዱቄት ሕፃናቱንም ያገኛቸዋል።

የሁለት ከተሞች አየር

ስፕሩስ ከአየሩ እርጥበት ሲወስድ ይሰፋል፤ ሲሰጥ ይጠብባል። ዛጎል ግን አይንቀሳቀስም። የሞምባሳ አየር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እርጥብ ነው። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በበጋ ቀትር አየሯ እጅግ ይደርቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ትከፋለች። በሞምባሳ እርጥበት ተሠርቶ ወደ ደጋ የሚወጣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጊታር ፊት ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ሊጠብብ ይችላል። ከዚህ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ያህሉ በቀለበቱ ክልል ያርፋል። የማይጠብበው ዛጎልና የሚጠብበው እንጨት ሲተጋገሉ ወይ ዛጎሉ ይነሣል፣ ወይ ስፌቱ ይከፈታል፣ ወይም እንጨቱ ከቀለበቱ ጠርዝ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ጊታር ሠሪዎች እርጥበት መለኪያን ከመጋዝ እኩል የሚያዩት ለዚህ ነው። ቦይው የሚፈለፈለውና ዛጎሉ የሚጣበቀው የክፍሉ እርጥበት ከመቶ 45 እስከ 50 ሲሆን ነው። ይህ መካከለኛ መጠን ጊታሩ ወደ እርጥቡም ሆነ ወደ ደረቁ አየር ሲሄድ የሚሸከመውን ልዩነት ይቀንሳል። ለባለቤቱ ደግሞ ጊታሩን በሣጥኑ ማኖርና በበጋ ወራት በሣጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ ዕቃ ማስቀመጥ ብዙ ጥገና ያድናል።

ድንበርና ሕግ

ዛጎል የእንስሳ አካል ነው። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ጊታር በጉምሩክ ሲያልፍ ግን ብዙዎች ይረሱታል። ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በተለምዶ ሳይተስ የሚባለው፣ ግዙፎቹን የክላም ዝርያዎችና ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ኖቲለስን በቁጥጥር ሥር አድርጓል። በጊታር የተለመዱት የዕንቁ ዛጎልና አብዛኞቹ አባሎኒዎች በዝርዝሩ የሉም። ደቡብ አፍሪካ የራሷን አባሎኒ በሕገወጥ ጠላቂዎች ምክንያት በ2007 አስመዝግባ በ2010 አስነሥታዋለች። ያም ሆኖ አሜሪካን የመሳሰሉ አገሮች ለንግድ የሚገባ ማንኛውም የዛጎል ጌጥ ያለው መሣሪያ እንደ ዱር እንስሳ ውጤት እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ፤ የዛጎሉን ሳይንሳዊ ስምና የተገኘበትን አገር ጭምር። ሠሪው ዛጎሉን ሲገዛ ደረሰኙን ካላስቀመጠ ይህን መመለስ አይችልም።

ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በካሊፎርኒያ ነጭ አባሎኒ ከመጠን በላይ ተለቅሞ በ2001 በአሜሪካ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገባ፤ የጀርባ አጥንት ከሌላቸው የባሕር እንስሳት የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚቀርበው አባሎኒ አብዛኛው በእርባታ የሚገኝ ነው፤ የኒውዚላንዱ ፓዋ ደግሞ በኮታ ይለቀማል። ሥጋው ለምግብ ከሄደ በኋላ የሚቀረውን ቅርፊት የጊታር ሠሪ ቢወስደው ባሕሩን ተጨማሪ አያስከፍለውም።

በኬንያ ዳርቻ ዛጎል እየለቀሙ መጠቀም ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ሊጠነቀቅ ይገባል። በ1968 የተቋቋሙትን የማሊንዲና የዋታሙ የባሕር ፓርኮች ጨምሮ በጥብቅ ክልሎች ዛጎል ማንሣት ክልክል ነው። የጊታሩ ጎንና ጀርባም የራሱ ጣጣ አለው። በስዋሂሊ ምፒንጎ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ጥቁር እንጨት ከ2017 ጀምሮ በሳይተስ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ከኅዳር 2019 በኋላ ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ከፈቃድ ነፃ ቢደረግም ጥሬው ሳንቃ አልተፈታም። በአሮጌ ጊታሮች ላይ የሚገኙት የዝሆን ጥርስና የባሕር ኤሊ ልባስ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ገደብ አለባቸው። ለሳውዝ ሲ ነዋሪ ፈቃድ ሰጪው ሩቅ አይደለም፤ የሳይተስን ጉዳይ የሚያስፈጽመው የኬንያ ዱር እንስሳት አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት በዚያው በላንጋታ መንገድ፣ ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ነው።

እውነተኛውን መለየት

የፕላስቲክ ጌጥ በጣት ሲነካ ለብ ይላል፤ ዛጎል ይቀዘቅዛል። የታተመ ሥዕል ጊታሩ ሲዘነብል ቀለሙን አይለውጥም፤ በጥንቃቄ ለተመለከተውም አንዱ ቅርጽ በሌላ ቦታ ተደግሞ ይገኛል። የእውነተኛ ዛጎል መልክ አይደገምም። ኮምጣጤ ሲነካው አረፋ የሚያወጣው እውነተኛው መሆኑ ቢታወቅም፣ ይህ ፈተና ለተራረፈ ቁራጭ እንጂ ለተተከለ ቀለበት አይሆንም፤ ዛጎሉን ይበላዋልና።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ምርጫ አለ። እንደ ወረቀት ስስ ሆነው የተላጡ እውነተኛ የዛጎል ንጣፎች በሙጫ ተደራርበው በጫና ይጣበቃሉ፤ በንግድ ስሙ አባላም ይባላል። በሰፊ ገበታ ስለሚመጣ ረጅም ቀስት ከአንድ ቁራጭ ይወጣል፤ ብክነቱም ትንሽ ነው። ጌጣቸው እውነተኛ ዛጎል ከሆነ የዛሬ የፋብሪካ ጊታሮች ብዙዎቹ ይህን ይጠቀማሉ። ጉዳቱ በጠረጋ ጊዜ ይታያል፤ የላይኛው ንጣፍ ከተበላ ሥሩ ያለው ሌላ መልክ ይዞ ይወጣል፤ ቀለበቱም ቡራቡሬ ይሆናል።

ለሚጠግነው ሰው ዋናው ነገር የወደቀችው ቁራጭ ናት። ከቀለበቱ የተነሣች ቅንጣት ከተገኘች በፖስታ ታሽጋ ከጊታሩ ጋር ወደ ባለሙያው መሄድ አለባት፤ ተመሳሳይ ቀለም ያላት ሌላ ቁራጭ ማግኘት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ባለቤቱ በቤት ባለው ሱፐር ግሉ ራሱ ለመለጠፍ መቸኮል የለበትም። ቫርኒሹን የሚያቃጥለው፣ ስፕሩሱንም የሚያቆሽሸው እሱ ነው። ቁራጯ ከጠፋች ደግሞ ጠጋኙ ቀድሞ የሚያነሣው የጣት ሰሌዳውን ጫፍ ሊሆን ይችላል። የቀለበቱ ሁለት ጫፎች የሚገናኙት እዚያ ሥር ነው፤ ብዙ ሠሪዎችም ዛጎሉን ከሚታየው ትንሽ አሳልፈው ከጣት ሰሌዳው በታች ያስገቡታል። ከዚያ የተወሰደች ቅንጣት ከቀሪው ጋር አንድ ዛጎል ናት።